ደቡባዊው ጥምዝምዝ ጋላክሲና የተመልካቹ ስፍራ

የሥነ ፈለክ ታሪክ በየክፍላችን ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የትልልቅ ቴሌስኮፖች ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ የቆመበት ስፍራ ከመሣሪያው መጠን ያላነሰ ዋጋ አለው። ለዚህም በደቡብ ሰማይ፣ ሃይድራ በሚባለው የከዋክብት ምድብ የሚገኘው ጥምዝምዝ ጋላክሲ፣ ኤም 83፣ ጥሩ ምስክር ነው። ርቀቱ 15 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

ይህን ጋላክሲ መጀመሪያ ያገኘው ፈረንሳዊው ኒኮላ ልዊ ደ ላካይ ነው። ላካይ እ.ኤ.አ. በ1751 ወደ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ወደ ኬፕ ተጉዞ 10,000 ለሚጠጉ ከዋክብት መዝገብ አዘጋጀ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1752 ደግሞ ይህን ደመና መሰል ብርሃን አየ። መነጽሩ የሌንሱ ስፋት 13 ሚሊሜትር ያህል፣ የማጉላት ኃይሉም 8 እጥፍ ብቻ ነበር።

ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1781፣ ሻርል ሜሲዬ ከፓሪስ ሆኖ በተሻለ መሣሪያ ቢመለከተው በብዙ ጥረት እንጂ ሊያየው አልቻለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋላክሲው በኬፕ ከአናት አጠገብ ሲያልፍ፣ በፓሪስ ግን ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። በአድማስ አጠገብ ያለው ወፍራም አየር ደካማውን ብርሃን ይውጠዋል።

የጋላክሲውን ሦስት ጥምዝ ክንዶች ዊልያም ላሰል በ1862 ገለጸ። እንዲህ ያሉት ጥምዝምዞች ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያሉ ራሳቸውን የቻሉ የከዋክብት ዓለማት መሆናቸውን ግን ኤድዊን ሀብል በ1924 እስኪያረጋግጥ ድረስ ክርክሩ አልበረደም።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ ጉዳዩ ለክፍል ሥራ ይመቻል። ጋላክሲው ከሰማይ ወገብ 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ይገኛል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን የሚኖር ተማሪ የአገሩን ኬክሮስ በ30 ላይ ደምሮ ውጤቱን ከ90 ቢቀንስ ጋላክሲው የሚደርስበትን ከፍታ ያገኛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በኖሩባት በካርቱም፣ በሱቅ ዐረቢ ለቆመ ሰው፣ ኬክሮሱ 16 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ከፍታው 44 ይሆናል። በአዲስ አበባ 9 ስለሆነ 51 ይደርሳል። ይህም የሰማዩን እኩሌታ ያልፋል ማለት ነው።

አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ጋላክሲ «ዝቅ ያለ፣ ለማየት የሚያስቸግር» ቢለው ለጸሐፊው አገር እውነት ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም። ስለዚህ እኛ መምህራን ቃሉን እንዳለ ከማስገልበጥ ይልቅ፣ በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት፣ መብራት በማይደርስበት ሜዳ ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ ደቡብ ብንመለከት ይበጃል። ሰማዩ ከጠራ፣ ላካይ ያየውን ብርሃን ለማየት ተራ የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃል።