አንዲት የመንጋጋ አጥንት፦ ከአል-መቅስ ኮረብታ እስከ ጀማ ሸለቆ



ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር አካባቢ ተማሪዎች በውስጥ መስመር የሚደርሰን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ባዮሎጂ መምህራችን ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲያስተምሩ እንስማ ወይስ ጆሯችንን እንድፈን?» ይላሉ። አንዳንዱ ወንድም «ለፈተና ብቻ ሸምድደህ እርሳው» ብሎ ይመክራል። ሌላው ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ «ዲንና ዕውቀት አይገናኙም ማለት ነው» ብሎ ለራሱ ይደመድምና ቀስ በቀስ ከመስጂድ ይርቃል። የሚያሳስበን ይሄኛው ነው። ስለዚህ ዛሬ በጥቅሉ ከመከራከር ይልቅ አንዲት አጥንት ይዘን እንሂድ፤ የታችኛዋን መንጋጋ።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረውና ዓረቦች ጃሊኑስ የሚሉት የግሪኩ ሐኪም ጋሌን የሰው የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በሮም የሰው ሬሳ መቅደድ የተነወረ ስለነበር ጋሌን ያጠናው በዝንጀሮ፣ በአሳማና በበሬ ነው። ከእሱ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞች ቃሉን እየተቀባበሉ አስተማሩ።

ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲ (ረሒመሁላህ) በ557 ዓ.ሂ. (1162 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ ተወለዱ። ሐዲስና ፊቅህ ተምረው ያደጉ፣ በኋላም ሕክምና ያጠኑ፣ በካይሮ አል-አዝሀር ያስተማሩ ዓሊም ናቸው። በ597 እና 598 ዓ.ሂ. ዓባይ ሳይሞላ ቀርቶ ግብፅን ከባድ ረሃብ መታት። የሟቹ ብዛት ከመቃብር በላይ ሆነ። (ያ ውሃ ከእኛው ደጋ የሚወርድ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጀማም ገባሩ ነው።) ዐብዱለጢፍ ያዩትን ሲጽፉ፣ አል-መቅስ በሚባል ቦታ የሰው አጥንት እንደ ኮረብታ ተከምሮ እንዳለ ሰምተው ከተማሪዎቻቸው ጋር ሄዱ። መንጋጋውን አንስተው አገላበጡት፤ መጋጠሚያ የለውም። ሌላ አነሱ፤ የለውም። ሌሎች ሰዎችም እንዲያዩላቸው አደረጉ። ከሁለት ሺህ በላይ ራስ ቅል ከታየ በኋላ የሰው መንጋጋ አንድ አጥንት ነው ብለው ጻፉ። ጋሌንን አልሰደቡም፤ ጥንቃቄውን አክብረው፣ በዓይን የታየው ግን ከእሱ ቃል ይበልጣል አሉ። አውሮፓ ውስጥ ቬሳሊየስ ይህንኑ በመጽሐፍ ያወጣው በ1543 ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ጋሌን ዋሽቶ ነበር? አይደለም። የበሬና የበግ መንጋጋ እውነትም ለሁለት የሚለያይ ነው። የሰውም ቢሆን ሕፃን ሲወለድ ሁለት ሆኖ ይወለድና በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አንድ ይሆናል። ስህተቱ የእንስሳውን ወስዶ ሰው ላይ መለጠፉ ነበር። ግን እኮ እንዲሳሳት ያደረገው መመሳሰሉ ነው! የበግና የሰው መንጋጋ ለምን እንዲህ ተመሳሰለ? ቀጭኔ በዚያ ረጅም አንገቷ ውስጥ እንደ እኛው ሰባት አጥንት ብቻ ያላት ለምንድን ነው? የሌሊት ወፍ ክንፍና የሰው እጅ ለምን አንድ ዓይነት የአጥንት አደራደር ኖራቸው? አጥንትን ከአጥንት የሚያነጻጽረው ትምህርት የተነሳው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልን አይሆንም። «ዳርዊን ከአል-ጃሒዝ ሰረቀ» የሚል ጽሑፍ በየገጹ ይዞራል። የበስራው አል-ጃሒዝ (በ868 እ.ኤ.አ. ያረፉት) ስለ እንስሳት የጻፉት ሰፊ መጽሐፍ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚበላና እንደሚሸሽ በድንቅ ሁኔታ ያሳያል። ይህ ግን ዝግመተ ለውጥ አይደለም። ያላሉትን በአፋቸው መጨመር እሳቸውን ማክበር አይደለም።

ወደ መንጋጋዋ እንመለስ። የእንሽላሊትና የአዞ የታችኛው መንጋጋ በእያንዳንዱ ጎን ከበርካታ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። የአጥቢ እንስሳት ግን በየጎኑ አንድ ብቻ። የቀሩት የት ገቡ? በ1837 ጀርመናዊው ራይኸርት ፅንሶችን ሲመረምር መልሱን ጆሮ ውስጥ አገኘው። በጆሯችን ውስጥ ካሉት ሦስት ደቃቅ አጥንቶች መዶሻና መስፍ የሚባሉት በእንሽላሊት የመንጋጋ ማጠፊያ ከሆኑት ሁለት አጥንቶች ጋር አንድ ናቸው። ካንጋሮ ሲወለድ እነዚህ አጥንቶች ገና ከመንጋጋው ጋር እንደተያያዙ ነው። በኋላም ዌልስ ውስጥ የተገኘው ሞርጋኑኮዶን የተባለ፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ትንሽ እንስሳ አሮጌውንና አዲሱን ማጠፊያ ጎን ለጎን ይዞ ተገኘ። የባዮሎጂ መምህራን «መሸጋገሪያ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ለማነጻጸር ስብስብ ያስፈልጋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚየሞች የሚሞሉት ከእንዲህ ዓይነቱ ተራራ ነበር። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከ1876 ጀምሮ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ሰፍሮ ወፍና አውሬ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ። የሰበሰበው ጄኖቫ ሙዚየም ገባ። የአርጎባ ነጋዴዎች ከባሕር ጠረፍ የሚመጣውን ቅፍለት ይቀበሉበት የነበረው ዓልዩ አምባ ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል የሚታይ ገበያ ነው። አያቶቻችን የጉዞውን መንገድ ያውቁ ነበር፤ የስብስቡን ጥቅም ግን የነገራቸው የለም።

ጀማ ሸለቆ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከታች የባሕር ኖራ ድንጋይ፣ በመሐል ሙገር የሚባለው የደረቀ ጭቃ ንብርብር አለ። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ነው። አጥኚዎች ከጀማ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርሶች ለቅመዋል። ከዚሁ ከሙገር ንብርብር የወጣ የአንድ አጥቢ እንስሳ የጥርስ ስባሪም በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሞ ለዓለም ተገለጸ፤ በአገራችን ከተገኙት አጥቢዎች ሁሉ በዕድሜ እጅግ የሚቀድም ነው።

«ታዲያ አደምስ (ዐ.ሰ.)?» የሚል ይኖራል። የአደም አፈጣጠር በወሕይ የመጣልን የዐቂዳ ጉዳይ ነው፤ ከጥርስ ስባሪ አንወስደውም፣ ለጥርስ ስባሪም አንለቀውም። ስለ እንስሳት አጥንት ግን የትሪፖሊው (የሊባኖሱ) ዓሊም ሑሰይን አል-ጂስር ገና በ1888 ሲጽፉ፣ በዘመናቸው የቀረበው ማስረጃ እንዳላሳመናቸው ተናግረው፣ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ቢመጣ ግን በፈጣሪ ከማመን ጋር አይጋጭም ብለው ነበር። እኛም ወደዚህ እናዘነብላለን። ማስረጃው ከእሳቸው ወዲህ ብዙ ጨምሯል፤ ሳያዩት መካድ የዐብዱለጢፍ መንገድ አይደለም።

ለአረፋ በግ ስታርዱ ጭንቅላቱን አትጣሉት። ሥጋው እስኪለቅ ቀቅሉና የታችኛውን መንጋጋ አውጥታችሁ ከፊት በኩል በሁለት እጃችሁ ሳቡት፤ ጋሌን ያየውን ታያላችሁ። ከዚያ ከጆሮው ቀዳዳ ሥር ያለችውን ጉብ ያለች አጥንት በጥንቃቄ ሰብሩ። መዶሻዋ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥምና ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት።