«ስትወልጂ ይተውሻል» የማይፈታው ሕመም

በወር አበባዋ ሰሞን ከአልጋ መነሣት ላቃታት ሴት በአገራችን የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። «የሴት ወግ ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» ይባላል። እኔ የሕግ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ሆኖም ይህ ምክር ጤናንም መብትንም የሚያሳጣ በመሆኑ፣ ከሕመሙ መንስዔዎች ስለ አንዱ ጥቂት ማለት ፈለግሁ።

ምንነቱ

ሕመሙ አዴኖማዮሲስ ይባላል። የማህፀንን ውስጠኛ ገጽ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በየወሩ ወፍሮ ሲላጥ ከደም ጋር ይወጣል፤ የወር አበባ የምንለው ይህንኑ ነው። አዴኖማዮሲስ ባለባት ሴት ግን የዚሁ ሽፋን ዓይነት ሕዋስ በማህፀኑ የጡንቻ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ማህፀኑ ሊተልቅ፣ ቁርጠቱ ሊበረታ፣ ደሙም ሊበዛ ይችላል፤ ውሎ አድሮ ደም ማነስ ይከተላል። ካንሰር አይደለም። ከማዮማም ይለያል፤ ሁለቱ ግን በአንዲት ሴት ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ይበልጥ የሚታየው በወለዱ ሴቶች ላይ መሆኑ ደግሞ የተለመደውን ምክር ያፈርሰዋል።

ምርመራና ሕክምና

ቀድሞ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ማህፀኑ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር ነበር። ዛሬ በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ ሊለይ ይችላል። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችና ሆርሞን ያለው ሉፕ ብዙዎችን ይረዳሉ። ማህፀንን ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከማረጥ በኋላ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ስፔን እ.ኤ.አ. በ2023 ለከባድ የወር አበባ ሕመም የተለየ ፈቃድ ደንግጋለች። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። የሕመም ፈቃድ ግን አለ። የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ፣ ሕመሙ እየተቆራረጠ ቢመጣም፣ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ ታገኛለች፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ።

ለዚህ ግን የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው። «ወግ ነው» ተብላ ቤቷ የተኛች ሴት ይህ ማስረጃ የላትም፤ የቀረችባቸው ቀናት ያለ በቂ ምክንያት እንደ መቅረት ሊቆጠሩባት፣ ለስንብትም ሊዳርጓት ይችላሉ።

ስለዚህ ሕመሙ ከሥራ የሚያስቀርዎት ከሆነ ቀናቱን መዝግበው ይያዙ፤ ወደ ማህፀን ሐኪም ይሂዱ፤ ማስረጃዎንም ሳይቀበሉ አይውጡ። አሠሪዎችም ማስረጃው ሲቀርብላቸው እንደ ማንኛውም ሕመም ሊቀበሉት ይገባል።