የትንሿ ማይክሮፎን ታሪክና የቤት ኮምፒውተር

የሙያችን ሥራ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ መኖሪያ ቤት ከገባ ቆየት ብሏል። ቃለ መጠይቁ፣ ስብሰባው፣ የርቀት ትምህርቱ፣ የአረጋውያንን ትዝታ በድምፅ ማስቀረቱ ሁሉ ዛሬ በቤት ኮምፒውተር ፊት ይካሄዳል። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሠራው ማይክሮፎን ለዚህ ሁሉ ስለማይበቃ፣ ብዙ የማኅበራችን አባላት የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ከገበያ ይገዛሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። በሻጩ መሣሪያ ላይ በሚገባ የሠራችው ማይክሮፎን ቤት ስትደርስ ድዳ ትሆናለች፤ ወይም ድምፅ ትሰጣለች፣ ግን እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸች። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በዋጋዋ ማነስ ያመካኛል። በእኛ አስተያየት ግን የዚህች ዕቃ ጠባይ የሚታወቀው ከዋጋዋ ይልቅ ከትውልድ ሐረጓ ነው። ስለሆነም ሐረጓን ከሥሩ ጀምሮ መቍጠር ለመራጩ ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ስሟ አንድ ነገር እንበል። በአማርኛችን የምንናገርበትንም፣ ከመድረኩ ጎን ቆሞ የሚያሰማውንም ዕቃ «የድምፅ ማጉያ» ማለት ተለምዷል። ለዛሬዋ ማይክሮፎን ይህ ስም አይገባትም፤ እርስዋ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች እንጂ አታጎላም። ለመጀመሪያዋ ማይክሮፎን ግን ስሙ ትክክል ነበር። በ1877 ኤሚል በርሊነርና ቶማስ ኤዲሰን በአሜሪካ፣ በ1878 ደግሞ ዴቪድ ሂዩዝ በለንደን ያቀረቧቸው መሣሪያዎች በልል ግንኙነት ወይም በካርቦን ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ድምፅ ቀጭኑን ገበታ ሲገፋው ካርቦኑ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሲላላ ይከለክላል። ከባትሪው የሚፈሰው ኃይልም የተናጋሪውን ድምፅ ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ደካማ ድምፅ ከባትሪው የሚወጣውን ብርቱ ኃይል እንዲህ አድርጎ ስለሚያዝ፣ ካርቦን በእርግጥም ማጉያ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ማይክሮፎን ከውጭ ኃይል የመመገብ ልማዷን የጀመረችው ገና በልደቷ መሆኑን ነው። በኋላ የምናየው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ካርቦን ለስልክ ሲያገለግል ድምፅ ወደ መቅዳት ሥራ ግን ቶሎ አልገባም። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ልከው ነበር። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን ከተገኘ 20 ዓመት አልፎት ነበር፤ ሆኖም በዚያ መሣሪያ ውስጥ ማይክሮፎን የሚባል ነገር አልነበረም። ንግሥቲቱ ወደ ቀንድ መሰል መለከት ሲናገሩ፣ የትንፋሻቸው ኃይል ብቻ መርፌውን እያንቀሳቀሰ ሰሙን ፈረፈረው። ጥቅሉ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር የንግሥቲቱ ቃል አልቀረልንም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በተመሳሳይ መንገድ የሰጡት መልስ ግን ተጠብቆ ቆይቶ እስከ ዛሬ ይደመጣል። የድምፅ ቀረጻ በሰፊው ወደ ኤሌክትሪክ የተሸጋገረው በ1925 ነው።

ለዚያ ሽግግር መንገድ የጠረገው የኤድዋርድ ዌንቴ የ1916 ሥራ፣ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ነው። በዚህ መሣሪያ ሁለት ስስ ገበታዎች ተቀራርበው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ሙል ይቀመጣል፤ ድምፅ አንዱን ገበታ ሲያርገበግበው ሙሉ ይናወጣል። የድምፁ ጥራት ከካርቦን ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ነገር ግን ሙሉን ለማቆየት ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ደካማውን ውጤት ለማበርታትም ከጎኑ የሚቆም ማጉያ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የስቱዲዮና የራዲዮ ጣቢያ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ትንሿን ማይክሮፎን የወለደው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሙሉን በገበታው ውስጥ ለዘለቄታው ማሰር ይቻላልን? ኦሊቨር ሄቪሳይድ እንዲህ ላለው ነገር «ኤሌክትሬት» የሚል ስም ያወጣለት በ1885 ነው። ሞቶታሮ ኤጉቺ በጃፓን ሰምና ሙጫ አቅልጦ በኤሌክትሪክ ኃይል ሥር እንዲረጋ በማድረግ ኤሌክትሬትን በተግባር ሠራ። ይሁን እንጂ የሰም ኤሌክትሬት ሙሉን እያደር ይለቅ ስለ ነበር ለማይክሮፎን የሚታመን አልሆነም። መልሱ የተገኘው በ1962 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ነው። ጌርሃርድ ሴስለር ከጀርመን የመጣ ተመራማሪ ሲሆን፣ ባልደረባው ጄምስ ዌስት በ1931 በቨርጂኒያ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ የተወለደበት አገር ጥቁሮችን በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ከነጮች ለይቶ በሚያኖርበት ዘመን ያደገ ሰው ነው። ሁለቱ ከቴፍሎን ቤተሰብ በሆነ ስስ ፕላስቲክ ላይ ሙሉን አስረው ለረዥም ዓመታት እንዲቆይ አደረጉ። የፈጠራ መብታቸው በ1964 ተመዘገበላቸው፤ የዐሥር ዓመቱ ጊዜ ሳያልቅም ማይክሮፎኑ በፋብሪካ በብዛት መመረት ጀመረ።

በገበያ የምናያት ትንሽ ማይክሮፎን፣ በልብስ ላይ የምትቆነጠጠውም ሆነች በጠረጴዛ የምትቆመው፣ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ የ1962 ሥራ ልጅ ናት። በርካሿና በውድዋ መካከል ያለው ልዩነት ከጭንቅላቷ ይልቅ በሽቦዋ፣ በመሰኪያዋና በሽያጯ ላይ ይበዛል የምንለውም ለዚህ ነው። ሙሉ በውስጧ የታሰረ ቢሆንም ግን ከምግብ ፈጽማ ነጻ አልወጣችም። ከሽፋኑ የሚወጣው ኃይል በሽቦ ለመጓዝ እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ በሆዷ ውስጥ አንዲት ትራንዚስተር ትቀመጣለች፤ ይህችም ጥቂት ቮልት ትፈልጋለች። ጥያቄው ያን ጥቂት ቮልት ማን ይሰጣታል የሚል ነው።

አሁን ወደ መሰኪያው እንመለስ። የዛሬው ጃክ አያት በ1878 ዓካባቢ በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠራተኞች እጅ የነበረው መሰኪያ ነው። የእርሱ ታናሽ የሆነው ባለ 3.5 ሚሊሜትሩ ጃክ በትንንሽ የትራንዚስተር ራዲዮኖች ገብቶ፣ ከ1979 ወዲህ ደግሞ በዎክማን አማካይነት በየሰው ጆሮ ደረሰ። በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ከመጮኽ በቀር ሌላ የድምፅ ችሎታ አልነበረውም። የማይክሮፎን ቀዳዳ በቤት ኮምፒውተር ላይ የተስፋፋው የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ በ1989 ባወጣው ሳውንድ ብላስተር በተባለው የድምፅ ካርድ ነው። አፕል በበኩሉ በ1990 ካወጣቸው ኮምፒውተሮች ጋር ማይክሮፎን አብሮ መስጠት ጀመረ።

ችግሩም ከዚያ ተወለደ። በድምፅ ካርዱ ቤተሰብ ዘንድ ትራንዚስተሯን የሚመግበው ኃይል በጃኩ መካከለኛ ቀለበት በኩል ይመጣ ነበር። የአፕል ማይክሮፎን ደግሞ ከተለመደው ረዘም ያለ ጃክ ነበራት፤ ኃይሏን በዚያ በረዘመው ጫፍ ትወስድ ነበር። ሁለቱም በዓይን 3.5 ሚሊሜትር ናቸው፤ አንዷ በሌላው ቤት ግን ትራባለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቀዳዳዎቹ በቀለም ተለይተው ሮዝ ለማይክሮፎን፣ አረንጓዴ ለድምፅ ማሰሚያ፣ ሰማያዊ ለሌላ መሣሪያ ድምፅ ማስገቢያ ሆኑ። ኤሌክትሬቷን በሰማያዊው ቀዳዳ የሚሰካ ሰው እስከ ዛሬ ዝምታ ብቻ ያተርፋል፤ ሰማያዊው አይመግብምና። በአዳራሽ የምናውቃት በእጅ የምትያዘው ዳይናሚክ ማይክሮፎን ግን ምግብ አትፈልግም፤ ሆኖም ድምፅዋ ደካማ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ሮዝ ቀዳዳ ሊያነሣት አይችልም። ለሠርግ የተገዛችውን ማይክሮፎን ለቤት ኮምፒውተር ማዋል የማይሰምረው ስለዚህ ነው።

ስማርት ስልኩ ሲመጣ ማዳመጫውና ማይክሮፎኑ በአንድ ጃክ ተጠቃለሉ። ይህ ጃክ ባለ አራት ክፍል ሲሆን፣ አምራቾች በሁለት የተለያዩ አደራደሮች ስለ ሠሩት በአንደኛው የማይክሮፎኑ ቦታ በሌላው የመሬት ሽቦው ቦታ ሆነ። ላፕቶፖችም ይህንኑ ጥምር ቀዳዳ ወርሰዋል። ለገዢው የሚበጀው ምክር አጭር ነው፦ በጃኩ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ይቍጠር። ሁለት ከሆኑ ለሮዙ ቀዳዳ፣ ሦስት ከሆኑ ለጥምሩ ቀዳዳ የተሠራች ናት። ካልገጠሙ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ማገናኛ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ንትርክ ለመዝለል የሚሻ ሰው ዩኤስቢን ይመርጣል። ዩኤስቢ በ1996 ታወጀ፤ ድምፅ በእርሱ የሚያልፍበት የጋራ ደንብ ደግሞ በ1998 ወጣ። በዚህ ዓይነቷ ማይክሮፎን ድምፁ ወደ ቍጥር የሚለወጠው በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን በማይክሮፎኗ ውስጥ ነው። ምግቧም ከዚያው ከ5 ቮልቱ መስመር ስለሚገኝ የቀለበት ቈጠራው ይቀራል። የመሬት ሽቦው ባልተስተካከለ ቤት፣ ቻርጀር በተሰካ ላፕቶፕ ላይ የሚሰማውን ጩኸትም አብዛኛውን ጊዜ ትቀንሳለች። መልካም ባለ 3.5 ማይክሮፎን በእጁ ያለ ሰው ግን መጣል አይገባውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ገዝቶ ከዚያ ላይ ቢሰካት ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል።

ከዓይነቷ ይልቅ የምትቀመጥበት ርቀት ይበልጣል። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከአፍ በ15 ሴንቲሜትር ላይ ያለች ማይክሮፎን ወደ 60 ሴንቲሜትር ብትርቅ 12 ዴሲቤል ትከስራለች፤ የክፍሉ ማስተጋባትና የጎረቤቱ ጩኸት ግን እምብዛም አይቀንሱም። በደረት ላይ የተቆነጠጠች ርካሽ ኤሌክትሬት በጠረጴዛ ማዶ ከቆመች ውድ ማይክሮፎን የምትበልጠው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሽቦ አልባ የብሉቱዝ ማዳመጫን በተመለከተ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዳንዶቹ ማይክሮፎናቸው ሲከፈት ድምፁን እንደ አሮጌ ስልክ ያጠቡታል፤ ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቈረጣል። በአማርኛችን «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት በአብዛኛው የሚገኘው ከዚያ በላይ ነው። አንድ አዛውንት ስለ አባታቸው ሲተርኩ «ሠራ» ያሉት «ፈራ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ቀረጻውን የሚሰማ ሰው በምን ያርመዋል? ተራኪው ካለፉ የሚጠየቅ የለም።

ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሠራው የጩኸት ማጣሪያም በቋንቋችን ላይ ልዩ ጉዳት አለው። ማጣሪያው ዝቅ ያለውን ድምፅ እንደ ጩኸት ቈጥሮ ይውጠዋል። እኛ ግን ግሡን የምናስቀምጠው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ድምፃችን በሚወርድበት ቦታ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ ማድረግ አለማድረጉም የሚታወቀው ከዚያው ነው። ለስብሰባ ማጣሪያው ሊጠቅም ይችላል፤ ለታሪክ ቀረጻ ግን ከኮምፒውተሩ የድምፅ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ መዝጋት ያሻል።

ማይክሮፎን ለመግዛት የሚሄድ ባልደረባ ስለዚህ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይሂድ። በሻጩ ፊት ሰክቶ ዐሥር ሴኮንድ ዝም ብሎ ይቅዳ፤ ቀጥሎ «ሠራ፣ ፈራ፣ ጠራ» እያለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር፤ ይህንኑ አንድ ጊዜ ቻርጀሩን ሰክቶ፣ አንድ ጊዜ ነቅሎ ይድገም። በነቀለ ጊዜ ጩኸቱ ከጠፋ ማይክሮፎኗ ንጹሕ ናት፤ ቀረጻውን በባትሪ ይሥራ።