የኮድ ፍተሻ ማስታወሻ

በሶፍትዌር ሙያ «ኮድ ሪቪው» የሚባለው አንድ ባለሙያ የጻፈውን ኮድ ሌላው መስመር በመስመር አንብቦ ስሕተቱንና ጉድለቱን የሚያመለክትበት ሥራ ሲሆን፣ በአማርኛ «የኮድ ፍተሻ» ቢባል ይስማማዋል። «ግምገማ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ልማድ ሰውን መመዘንን ስለሚያስታውስ ለዚህ ተግባር አይመችም፤ ሥራውን በሥርዓት የቀረጸው የአይቢኤም ባልደረባ ማይክል ፋጋንም እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ የፍተሻው ውጤት የፕሮግራመሩ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ እንዳይሆን አጥብቆ አስጠንቅቋል። የሚፈተሸው ኮዱ ነውና።

ፈታሹ ያየውን የሚያሰፍርበት «የፍተሻ ማስታወሻ» ልዩ ሥርዓት አይጠይቅም፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃዋል። ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ስሕተት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎ የመስመሩን ቁጥር፣ ከዚያም መልእክቱን ስለሚያወጣ፣ ፈታሹም ይህንኑ አጻጻፍ ተከትሎ «ክፍያ.ሲ:42: ስሕተት፤ አካፋዩ ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ይቋረጣል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የዚህ አጻጻፍ ትልቅ ጥቅም እንደ ቪምና ኢማክስ ያሉ ኤዲተሮች፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍባቸውና የሚታረምባቸው ፕሮግራሞች፣ ማስታወሻውን እንደ ኮምፓይለር መልእክት ተቀብለው የኮዱን ባለቤት ከእያንዳንዱ አስተያየት በቀጥታ ወደተጠቀሰው መስመር ማድረሳቸው ነው። ይሁን እንጂ መለያው የላቲኑ ሁለት ነጥብ መሆን አለበት፤ የአማርኛው ሁለት ነጥብ ለዓይን ቢመሳሰልም ለኮምፒዩተር ሌላ ፊደል ስለሆነ ኤዲተሩ አያውቀውም።

በየመልእክቱ መነሻ «ስሕተት»፣ «ጥያቄ» ወይም «ሐሳብ» የሚል ቃል ማስቀደም ግድ የሚታረመውን ለባለቤቱ ምርጫ ከሚተወው ይለያል፤ ይህ ሳይለይ ሲቀር የስያሜ ምርጫና ገንዘብ የሚያዛባ ስሌት እኩል ክብደት ይዘው ይቀርባሉና ልማዱ ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም። የኮዱ ባለቤትም አስተያየቱን ሳይሰርዝ መልሱን ከሥሩ ይጽፋል።

የዘዴው ደካማ ጎን የመስመር ቁጥር ነው። ከ42ኛው መስመር በላይ ሦስት መስመር ቢጨመር የተጠቆመው ስፍራ 45ኛ ላይ ስለሚገኝ፣ ማስታወሻው ከኮዱ ጋር ይለያያል። ስለዚህ በማስታወሻው ራስጌ የተነበበው እትም መለያ ይሰፍራል፤ ኮዱ የሚቀመጠው በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ከሆነ መለያው የኮሚቱ፣ ማለትም የተመዘገበው ለውጥ ቁጥር ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር 40 ምልክቶች ቢኖሩትም የመጀመሪያዎቹ ሰባት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። ባለቤቱም እርማቱን ከፋይሉ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ላይ ቢሠራ ገና ያልደረሰባቸው ቁጥሮች አይናወጡም።

አስተያየቶቹን በዓይነት ወይም በፈታሽ መደርደር ሲያስፈልግ ይኸው ይዘት እንደ ኤክሴል ባለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም በየዓምዱ ሊገባ ይችላል። ብዙ ፈታሾች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ትልቅ ሥራ ግን፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዳይደመስስ፣ እንደ ጌሪት ወይም ጊትሃብ ያለ ለዚሁ የተሠራ ሥርዓት ያስፈልገዋል።