ከጉልበት ቅየራ በኋላ የሚከሰት አለመርጋትና የድጋሚ ቀዶ ሕክምናው፦ ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ደጋ አንጻር

ሙሉ የጉልበት ቅየራ የተደረገለትን ታካሚ ለድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ፣ ከኢንፌክሽንና ከተተከለው አካል መላላት ጋር፣ የመገጣጠሚያው አለመርጋት ነው። ድጋሚው ቀዶ ሕክምና የሚሰምረው ግን ጉልበቱ በየትኛው አቅጣጫና ለምን እንደላላ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ወደ ዓባይ የሚወርደው አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሲታጠፍ የሚላላ ጉልበት በሜዳ ላይ እምብዛም አይታወቅም። ታካሚው ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ከዱካ ሲነሳ «ጉልበቴ ይከዳኛል» ይላል፤ ጉልበቱም ደጋግሞ ውሃ ይቋጥራል።

ምርመራው ቀላል ነው። ታካሚው አልጋ ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ጉልበቱ 90 ዲግሪ እንደታጠፈ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ከልክ በላይ ከተንሸራተተ፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ በጭኑና በቅልጥሙ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል ማለት ነው። ችግሩ ከሙያው ጋር አብሮ የኖረ ነው፦ የተከላ ንድፍ አውጪዎቹ ኢንሳልና በርስታይን እ.ኤ.አ. በ1978 ለጉልበት ተከላው የመሐል ምሰሶ የጨመሩለት፣ ጉልበቱ በደንብ እንዲታጠፍና ቅልጥሙ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በደምና በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ምርመራ ኢንፌክሽን አለመኖሩ ይረጋገጣል። ጉልበቱ ሲዘረጋም ሲታጠፍም እኩል ከላላና ጅማቶቹ ጤነኛ ከሆኑ በተከላው የጭንና የቅልጥም ክፍሎች መካከል የሚገባውን ፕላስቲክ ወፈር ባለ መተካት ሊበቃ ይችላል። ሲታጠፍ ብቻ ከላላ ግን ፕላስቲኩን ማወፈር ጉልበቱ እንዳይዘረጋ ያደርጋል፤ መፍትሔው የጭኑን ክፍል በትልቅ መተካት፣ ወይም የቅልጥሙ ቆረጣ ወደ ኋላ ከመጠን በላይ ካዘቀዘቀ ማቃናት ነው። የጎን ጅማት ከተበጠሰ ይበልጥ ቆንጥጦ የሚይዝ ተከላ፣ ጅማቶቹ ጨርሰው ካልሠሩ ማጠፊያ ያለው ተከላ ያስፈልጋል። ተከላው እየቆነጠጠ በሄደ መጠን ጫናው ወደ አጥንቱ ስለሚያልፍ በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ በሚገባ ዘንግ ይደገፋል።

ለከፍተኛ ሕክምና በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የመካነ ሰላም ታካሚ ከደሴ ወዲያ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ጉልበቱ ሲዘረጋና ሲታጠፍ የሚኖሩትን ሁለቱን ክፍተቶች በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ማመጣጠን ይገባል። የተከላው ዓይነትና መጠን የተጻፈበት ካርድም በታካሚው እጅ ይሰጥ፤ ያለዚያ መረጃ ፕላስቲኩን ብቻ መቀየር እንኳ ያስቸግራል።