«እኔ» የሚለው ማን ነው? ሕያው ታሪክ በተማሪዎች ፊት

ከሣጥኑ መጀመሪያ የወጣው በጭስ የለፋ የአጋዘን ቆዳ ነበር፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከረዳት ወላጆች አንዱ ሆኜ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ከሙዚየም የመጣችው መምህርት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሴት ልብስ ለብሳለች፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሱፍ ቀሚስ፣ ከላዩ ሽርጥ፣ ፀጉሯን የሸፈነ ነጭ ቆብ። ከቆዳው ቀጥሎ የባሕር ዛጎል፣ ከዚያ የአጥንት ወስፌ አወጣች። በመጨረሻም አንድ እስር ቃጫ አንስታ ጭኗ ላይ በመዳፏ እያሽከረከረች ገመድ ማውጣት ጀመረች። ከፊት የተቀመጠች የኢትዮጵያውያን ልጅ እጇን አወጣች፦ «አያቴ ጥጥ ስትፈትል እንዲህ ነው የምታደርገው።» መምህርቷ ሥራዋን አቁማ «እስቲ አሳዪን» አለቻት። ልጅቷ እንዝርት የያዘች ይመስል ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አሽከረከረች። ሃያ ምናምን ልጆች ዝም ብለው አዩዋት።

ወዲያው አንድ ወንድ ልጅ «አንቺ እውነት ከዚያ ዘመን ነሽ?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ ቆቧን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አይደለሁም። እኔ የሙዚየም መምህርት ነኝ፤ ይህን ልብስ የለበስኩት የዚያን ዘመን ሰዎች ኑሮ ላሳያችሁ ብዬ ነው» አለችው። ቆቧን መልሳ ስትደፋ ልጆቹ ሣቁ፤ ነገሩ ግን ገብቷቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጉዳይ በዚያች ቆብ መውለቅና መደፋት ውስጥ አለ። ሕያው ታሪክ የሚባለው የትምህርት ዘዴ ለልጅ የሚጠቅመው፣ የጥንቱን ልብስ የለበሰው ሰው በየትኛው መደብ እንደሚናገር ሲያውቅና ልጁም እንዲያውቅ ሲያደርግ ነው። «እኔ» ይላል? «እነሱ» ይላል? ወይስ «እኛ»? ልጁ ከክፍል የሚወጣው ከታሪክ ጋር ነው ወይስ ከተረት ጋር የሚለው የሚወሰነው፣ በእኔ እምነት፣ እዚህ ላይ ነው። (ካልተገለጸ በስተቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘዴው አዲስ አይደለም። አርቱር ሃዜሊየስ በ1891 ስቶክሆልም ላይ ስካንሰንን ሲከፍት ከስዊድን ገጠሮች ያስመጣቸውን ቤቶች የአገሩን ባህላዊ ልብስ በለበሱ ሰዎች ሞልቶ ነበር። አሜሪካም በ1920ዎቹ መጨረሻ የቅኝ ግዛት ዘመኗን የቨርጂኒያ ከተማ ዊሊያምስበርግን በጆን ሮክፌለር ልጅ ገንዘብ ማደስ ስትጀምር ያንኑ ፈለግ ተከትላለች። የመደቡ ጥያቄ አፍጥጦ የመጣው ግን ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ በፕሊመዝ ባለ ሙዚየም ነው። በ1947 የተቋቋመው ይህ ሙዚየም የእንግሊዝ ሰፋሪዎችን መንደር በ1627 እንደነበረ አድርጎ ያሳያል። ከ1978 ጀምሮ የመንደሩ ሠራተኞች በአንደኛ መደብ ብቻ እንዲናገሩ ተወሰነ። እያንዳንዳቸው በመዝገብ የሚታወቅ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የዚያን ሰው የትውልድ አውራጃ አነጋገር ያጠናሉ፤ ስለ አውሮፕላን የጠየቃቸውን ልጅ ምን እያልክ ነው ብለው ያፈጡበታል። ልጆች ይህን ይወዱታል። ትልቅ ሰው በአላዋቂነት ሲቆምላቸው የማስረዳቱ ተራ የእነሱ ይሆናልና፣ ደስታቸውን መረዳት አያዳግትም።

ከዚያው መንደር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የዋምፓኖአግ ሠፈር አለ። እዚያ የሚያስተምሩት ራሳቸው ዋምፓኖአግ ወይም የሌላ ነባር ሕዝብ ተወላጆች ናቸው። የአጋዘን ቆዳ ይለብሳሉ፣ በእሳትና በመፋቂያ ግንድ ፈልፍለው ታንኳ ይሠራሉ፤ ሆኖም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነን አይሉም። የሚናገሩት ዛሬ ላይ ቆመው፣ ስለ አያቶቻቸው፣ «እኛ» እያሉ ነው። አንዱ ሠፈር «እኔ» ሲል ሌላው «እኛ» ማለቱ የአሠራር ልዩነት ብቻ አይመስለኝም። የሰፋሪውን ሚና የያዘ ሠራተኛ ማታ ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዋምፓኖአጉ ግን ልብሱን ቢቀይርም ዋምፓኖአግ ነው፤ የጠፋ ሕዝብ መስሎ ቢተውን ለልጆቹ ውሸት ይነግራቸዋል። ሙዚየሙ በ2020 ስሙን ፕሊመዝ ፓተክሰት ሲያደርግ የነባሩን መንደር ስም ከእንግሊዞቹ ጎን አሰፈረ።

«እኔ» እስከምን ሊደርስ እንደሚችል የታየው በዊሊያምስበርግ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ነዋሪ እኩሌታ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ የታደሰችው ከተማ ግን ለአሥርት ዓመታት ከሞላ ጎደል ነጭ ብቻ ሆና ስትታይ ኖረች። ጥቁር አስረጂዎች በባርነት የኖሩትን ሰዎች ሕይወት ማቅረብ የጀመሩት በ1979 ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1994፣ ክሪስቲ ኮልማን የምትመራው ክፍል የባሪያ ጨረታ በአደባባይ አሳየ። ለሽያጭ ከቆሙት አንዷ ራሷ ኮልማን ነበረች። የጥቁሮች መብት ድርጅቶች ተቃውመው ወጡ፤ የአያቶቻችን መከራ መዝናኛ ሊሆን ነው የሚለው ሥጋታቸው ከባድና ተገቢ ነበር። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ጃክ ግሬቭሊ ትርኢቱን ተመልክቶ ከጨረሰ በኋላ ሐሳቡን መለወጡ በጊዜው በሰፊው ተዘግቧል። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ያንን ሚና የያዙት በጉዳዩ ላይ ዓመታት የሠሩ፣ የሚናገሩት ሁሉ ከየትኛው ሰነድ እንደመጣ የሚያውቁ ጎልማሶች ነበሩ። ሚናውን የመረጡትም ራሳቸው ናቸው። በትምህርት ቤት ልጆችን ከፍሎ አንዱን ጌታ፣ አንዱን ባሪያ ማድረግ ግን ሁለቱንም ያጎድላል። እንዲህ ያለው ልምምድ በየጊዜው እዚህም እዚያም ይደረጋል፤ ማስቆም ይገባል። ልጁ የሚማረው ስለ ባርነት ሳይሆን በጓደኞቹ ፊት ስለ መዋረድ ነው።

«እኔ» የምትለው ቃል ሌላም ችግር አለባት፤ ወረቀት ለተረፈለት ሰው ታደላለች። በቨርጂኒያ የነበረውን የእንግሊዞች ሰፈር፣ ጄምስታውንን፣ እንውሰድ። በግንቦት 1607 እዚያ ከሰፈሩት 104 ወንዶችና ወንዶች ልጆች መካከል የካፒቴን ጆን ስሚዝን ሚና የሚይዝ ሰው ስሚዝ ራሱ የጻፋቸው መጻሕፍት አሉለት። በ1619 ትሬዠረር በተባለች መርከብ ወደ ቨርጂኒያ የመጣችውን አፍሪካዊት፣ አንጄላን ለመሆን የሚነሣ ሰውስ ምን ያገኛል? በ1624 የነዋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟን፤ በ1625 ቆጠራ ደግሞ በካፒቴን ዊሊያም ፒርስ ቤት ከተመዘገቡት አንዷ መሆኗንና የመጣችበትን መርከብ። ከንዶንጎ፣ ከዛሬዋ አንጎላ ምድር፣ ተማርከው ከተጫኑት ወገን መሆኗን የታሪክ ምሁራን ከመርከቦቹ ጉዞ ተነሥተው ይናገራሉ። ከአንደበቷ የወጣ አንድም ቃል አልተመዘገበም። እሷን ሆኖ «እኔ» የሚል ሰው አብዛኛውን የሚናገረው ከራሱ ፈጥሮ ነው። ልጁ ደግሞ ስሚዝንና አንጄላን በእኩል ልብ ያምናል፤ የትኛው ቃል ከሰነድ፣ የትኛው ከምናብ እንደመጣ የሚለይበት ምልክት የለውምና።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኮሊንግዉድ ከሞተ በኋላ በ1946 በታተመው መጽሐፉ ታሪክ ማለት ያለፈውን ሐሳብ በታሪክ ጸሐፊው አእምሮ ውስጥ ዳግም ማሰብ ነው ይላል። የታሪክ ትርኢት አቅራቢዎች ይህን ሐሳብ ለሥራቸው መሠረት አድርገው ሲያነሡት ይሰማል። ኮሊንግዉድ ግን ዳግም ማሰብን ከማስረጃና ከጥያቄ ነጥሎት አያውቅም። በዚህ መለኪያ፣ ቃጫውን ጭኑ ላይ ያሽከረከረ ልጅ የብረት ኮፍያ ደፍቶ ፎቶ ከተነሣው ልጅ ይልቅ ወደ ታሪክ ቀርቧል። ገመዱ እንዳይፈታ ሁለቱን ጭረት በአንድ አቅጣጫ አክርሮ እርስ በርስ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ መግመድ እንዳለበት እጁ ነግሮታል፤ ይህን ችግር የዚያ ዘመን ሰውም በእጁ ፈትቶታል። ስለ ቅርስ ማብራሪያ የጻፈው አሜሪካዊው ፍሪማን ቲልደን በ1957 ለልጆች የሚቀርብ ማብራሪያ ለአዋቂ የተዘጋጀው ቀጥኖ የሚቀርብ መሆን የለበትም፣ ከመሠረቱ ሌላ አካሄድ ይሻል ያለውም በዚህ ሥራ ላይ ሲታይ እውነት ነው።

ጦርነትን ማሳየት ላይ ብዙ አልቆይም። በ1961 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት 100ኛ ዓመት ሲታሰብ ቨርጂኒያ ውስጥ ምናሴስ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያ የተካሄደውን ውጊያ በትርኢት ደገሙት። የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ግን ዛሬ በሚያስተዳድራቸው ሥፍራዎች ሁሉ ሁለት ወገን ተኩስ የሚለዋወጥበትን፣ ሰው ተመትቶ ሲወድቅ የሚያሳይን ትርኢት ይከለክላል። ነፍጥ እንዴት እንደሚጎረስና እንደሚተኮስ ማሳየት ይፈቀዳል፤ ሞትን ማስመሰል አይፈቀድም። ለልጆች ስናስብ ይህ ወሰን ትክክለኛ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል በዓል፣ ሲደርስ በአገር ቤትም በስደት ባሉ ማኅበረሰቦችም ልጆች ጎፈር ደፍተው፣ የካርቶን ጋሻ አንግበው ይፎክራሉ። በዚህ ደስ ከሚላቸው አንዱ ነኝ። ሆኖም ፉከራ ከጥንቱም የአንደኛ መደብ ንግግር ነው፤ ፎካሪው «እኔ» የሚለው ራሱ ስለዋለበት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ በሌላ ሰው «እኔ» ሲፎክር ያ ሰው ማን እንደነበረ፣ ስለሱ የምናውቀው ከየት እንደመጣ ሊነገረው ይገባል። አጼ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን የሚሆኑ ልጆች ሞልተዋል። እቴጌ በመቀሌ ምሽግ የጠላትን ውኃ ማስያዛቸውን እንነግራቸዋለን። ስንቅ የፈጩትን፣ እንስራ አዝለው ለተዋጊው ውኃ ያቀበሉትን ሴቶች ማን ይሁን? የአብዛኛዎቹ ስም እንደ አንጄላ እንኳን አልተጻፈም። ከኢጣልያ ጎን የተሰለፉትን፣ ከተማረኩ በኋላ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው የተቆረጠውን አስካሪዎችስ ለየትኛው ልጅ እንሰጣለን? ለማንም መስጠት የለብንም። ስለነሱ ግን በ«እነሱ» መናገር እንችላለን፤ አለብንም። አንድ ሙቀጫና ዘነዘና ክፍል ውስጥ አስገብቶ ልጆቹን በየተራ እህል ማስወቀጥ፣ ከዚያም በ1888 ዓ.ም. ለዘመተው ሠራዊት በእጅ የተዘጋጀው ስንቅ ስንት ክንድ እንደፈጀ እንዲያስቡ መጠየቅ ከካርቶን ጋሻው ይልቅ ርቆ ይወስዳቸዋል።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል መምህርቷ አንጄላን አነሣች፤ በሦስተኛ መደብ፣ ስሟንና መርከቧን ብቻ ጠቅሳ። የእንዝርቷ ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «ከመርከቡ ስትወርድ ምን አለች?»

መምህርቷ ቆቧን አወለቀች። «አናውቅም፤ የጻፈው ሰው የለም።»

«ስሟንስ ማን ጻፈው?»

መምህርቷ ከሣጥኑ ሥር አንድ ወረቀት አወጣች፤ የ1625ቱ ቆጠራ ቅጂ ነበር። በየቤቱ ያለው ሰው፣ እህል፣ ጠመንጃና ከብት ተቆጥሮ የተመዘገበበት ዝርዝር መሆኑን ነገረቻቸው። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ የአንጄላን ስም በጣቷ ፈለገች። ካገኘችው በኋላም ጣቷን ሳታነሣ፣ ከላይና ከታች ምን እንደተጻፈ ማንበብ ቀጠለች።