ከዘውድና ከጎፈር ባሻገር፤ የአስር ሳንቲሟ ደጋ አጋዘን

ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እያልን ዕጣ የምንጥል ብዙዎች ነን። አባባሉ ከገንዘባችን ታሪክ ጋር ይሄዳል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ 1887 ዓ.ም. ተቀርጾባቸው ፓሪስ በተሠሩት ብሮች በአንደኛው ገጽ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ደግሞ ባለ ጎፈሩ አንበሳ ይታያሉ። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም አንበሳውን ከነዘውዱና ከነመስቀሉ ይዘው ቀጥለዋል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የራሱን ሳንቲሞች ሲያወጣ ዘውዱንና መስቀሉን አስቀረ፤ የአንበሳውን ራስ ግን አልነካም። በ2003 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ባለ አንድ ብር ሳንቲምም አንበሳውን ይዟል።

አንበሳው የሁሉም ሳንቲሞች የጋራ ምልክት ሲሆን፣ ጀርባቸው ግን ይለያያል። በአንድ ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስት ሳንቲም ላይ ወታደር አለ። የዱር እንስሳ በጀርባዋ የያዘችው አስር ሳንቲም ብቻ ናት።

አሮጌ ሳንቲሞች ማጠራቀም እወዳለሁ። ይህችን ሳንቲም እያሳየሁ የእንስሳውን ስም የጠየቅኳቸው ወዳጆቼ አንዱ ድኩላ፣ ሌላው ዋልያ ይለኛል። እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው። በሲጋራና በኢንሹራንስ ስም የለመድነው «ኒያላ» ማለት እሱ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ኒያላ ተብሎ የሚጠራው ግን ሌላ ዝርያ ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት የባሌ፣ የአርሲና የጨርጨር ተራሮች ሲሆኑ፣ በብዛት የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጠምዛዛ ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በሳይንሱ ዓለም የታወቀው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ላይደከር ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግቦ የገለጸው በ1910 እ.ኤ.አ. ነበር።

ዋና መጠጊያው በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በተለይም በዲንሾ አካባቢ ያለው የጋይሳይ ሜዳ ነው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ግን መጠጊያነቱ አላዳነውም፤ የፓርኩ ጥበቃ ሲላላ ብዙ አጋዘኖች ተገደሉ። ሌስሊ ብራውን የተባሉት ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥሩን ከ7 እስከ 8 ሺህ ገምተውት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሰጡት ግምቶች በአብዛኛው ከ4 ሺህ አይበልጡም። እርሻው ወደ ተራራው እየወጣ፣ ከብቱ ግጦሹን እየተሻማ፣ ውሻው ግልገሉን እያሳደደ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች ተራ መድቦታል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ተስፋ ይሰጣል፤ ሆኖም መዝገብ ብቻውን እርሻንና ግጦሽን አያቆምም።

አንበሳ ከእኛ አገር ቢጠፋ እንኳ ኬንያና ታንዛኒያ አለ። የደጋ አጋዘን ግን እዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ አስር ሳንቲም የሚገዛው ነገር ባይኖርም፣ እጅዎ ከገባች ገልብጠው ይመልከቷት። የእንስሳውን ስም ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ ሲመችዎም ዲንሾ ወስደው በሕይወት ያሳዩአቸው። ስሙን የማያውቀው እንስሳ ጠፋ ሲባል የሚቆጭ ሰው የለምና።